የመጦሪያ ቤት ጥራት በምን ሚዛን ይለካል?

ቅጹን የሚሞላው ሻጩ ነው፤ ኮከቡን የሚያነበው ገዢው ነው

ጤፍ ሸማች ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ያያል፣ በጣቱ ያሻል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ካልጣመው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። ቡና ላኪው ቀማሽ አለው። ጨርቅ ገዢው ወደ ብርሃን አውጥቶ ይመለከታል። እንዲህ ያለውን ቅምሻ የማያውቅ ገበያ ግን አለ። ገዢው የሚገዛውን ቀድሞ ሊያይ አይችልም፣ ከገዛ በኋላም መመለሱ ይከብደዋል፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን የሚከፍለውና አገልግሎቱን የሚቀበለው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ገበያ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ነርሲንግ ሆም የሚባሉት መጦሪያ ቤቶች ቁጥር ወደ 15 ሺህ ይጠጋል። በእነዚህ ቤቶች 1.2 ሚሊዮን ያህል ተጧሪዎች ይኖራሉ። ከመቶው ቤት 70 ያህሉ ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው። ጄንዎርዝ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በ2023 ባካሄደው የዋጋ ጥናት የአንድ ሰው ክፍል መካከለኛ ዋጋ በዓመት ከ116 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ይህን ከኪሱ መክፈል የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ፣ ከአሥሩ ተጧሪ የስድስቱን ያህል ሒሳብ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የተቋቋመው የመንግሥት መድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለአገራችን ሰዎችም ባዕድ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በእነዚህ ቤቶች በረዳት ነርስነት ይሠራሉ። አሁን ደግሞ ቀድመው የሄዱት እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናትና አባቶችም እንዲሁ። ሠራተኛ የነበረው ወገን ገዢ ወደ መሆን እየተሸጋገረ ነው።

ለመሆኑ ገዢው ጥሩውን ቤት ከመጥፎው የሚለየው በምንድን ነው? መንግሥትስ ገንዘቡን የሚከፍለው ምን ዓይነት አገልግሎት እንደተሰጠ በምን አውቆ ነው? መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በአንድ ቅጽ ውስጥ ነው።

ቅጹ ከየት መጣ?

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ቁጥጥር በአመዛኙ የሚያተኩረው በቤቱ ላይ ነበር። ተቆጣጣሪው ኮሪደሩን፣ ኩሽናውን፣ የእሳት መውጫውንና የተጻፈውን መመሪያ ያያል። ተጧሪዋ ጀርባዋ ላይ ቁስል አለባት ወይ? ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ቀነሰች? ወንበር ላይ ታስራ ነው ወይ የምትውለው? የሚሉት ጥያቄዎች ግን በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት በሆነ መንገድ የሚጠየቁ አልነበሩም።

በ1986 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በመጦሪያ ቤቶች ጥራት ላይ አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጣ። የሪፖርቱ ዋነኛ ሐሳብ ቁጥጥሩ ከሕንፃውና ከወረቀቱ ወደ ሰውየው ይዙር የሚል ነበር። በተከታዩ ዓመት በታኅሣሥ ወር ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የበጀት ሕግ የመጦሪያ ቤቶችን ማሻሻያ በውስጡ ይዞ ወጣ። ሕጉ ካዘዛቸው ነገሮች ሁለቱ እዚህ ላይ መጠቀስ አለባቸው። አንደኛ፣ ረዳት ነርስ ለመሆን ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ በሚከፍለው ቤት የሚኖር እያንዳንዱ ተጧሪ በመላ አገሪቱ አንድ በሆነ ቅጽ መመርመር አለበት።

ሚኒመም ዳታ ሴት የሚባለው ቅጽ በ1990 እና በ1991 ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ከ1998 ወዲህ ቤቶቹ ቅጹን በኮምፒዩተር ለመንግሥት እንዲልኩ ተደረገ። ዛሬ የሚሠራበት ሦስተኛው እትም ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ያለው ሲሆን በየጊዜው ይሻሻላል።

መጀመሪያ የታሰበው ቅጹ ለሐኪምና ለነርስ እንዲያገለግል ነበር። የሰውየውን ችግር ቆጥሮ ለእሱ የሚስማማ የእንክብካቤ ዕቅድ ለማውጣት ማለት ነው። ነገር ግን የሚሊዮን ሰው ቅጽ በአንድ ቦታ ሲከማች ሌላ ጥቅም እንደሚወጣው ወዲያው ታየ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የምርምር ማዕከል፣ በዴቪድ ዚመርማን መሪነት፣ በ1990ዎቹ ከዚሁ ቅጽ የጥራት አመልካቾችን አውጥቶ ሞከረ። በኅዳር 2002 መንግሥት የየቤቱን ውጤት በመላ አገሪቱ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ጀመረ። በታኅሣሥ 2008 ደግሞ እንደ ሆቴል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ተጀመረ።

ቅጹ ምን ይጠይቃል?

አዲስ ተጧሪ በገባ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ምርመራ ይደረግለታል። ከዚያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ አጠር ያለ፣ በየዓመቱ ደግሞ ሙሉ ቅጽ ይሞላለታል። በመሃል ጤንነቱ ጉልህ ለውጥ ካሳየም እንደገና ይመረመራል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ያለፉትን ሰባት ቀናት የሚመለከቱ ናቸው።

ክፍሎቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። መስማትና ማየት፣ ማስታወስ፣ ስሜት፣ ጠባይ፣ መብላትና መልበስ መቻል፣ ሽንት መቆጣጠር፣ የበሽታ ዓይነት፣ ሕመምና መውደቅ፣ ክብደት፣ ጥርስ፣ ቆዳ፣ መድኃኒት፣ ማሰሪያ፣ ወደ ቤት የመመለስ ፍላጎት እያለ ይሄዳል። መረጃው የሚገኘው ከሐኪም መዝገብ፣ ከተጧሪው ቃልና በየፈረቃው አብረውት ከሚውሉት ረዳት ነርሶች ማስታወሻ ነው። ቅጹ መሟላቱን አንዲት ባለሙያ ነርስ በፊርማዋ ታረጋግጣለች።

ጥያቄዎቹ ተራ ይምሰሉ እንጂ በጥንቃቄ የተለኩ ናቸው። ለምሳሌ የማስታወስ ፈተናውን እንመልከት። ተጧሪው ሦስት ቃላት ይነገሩትና እንዲደግማቸው ይጠየቃል፤ 3 ነጥብ አለው። ዓመተ ምሕረቱን ይጠየቃል፤ 3 ነጥብ። ወሩን፣ 2 ነጥብ። ዕለቱን፣ 1 ነጥብ። በመጨረሻም ቀደም ብለው የተነገሩትን ሦስት ቃላት እንዲያስታውስ ይደረጋል፤ 6 ነጥብ። ድምሩ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ አእምሮው ደህና ነው ይባላል። ከ8 እስከ 12 ያገኘ መጠነኛ ችግር አለበት፤ ከዚያ በታች ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዓመቱን ከአምስት በላይ ያሳሳተ ሰው ከሦስቱ ነጥብ አንዱንም አያገኝም። በሐበሻ አቆጣጠር የሚኖሩ አንዲት እናት ግን የተጠየቁትን ዓመት በትክክል ሲመልሱ ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳሉ። ሌላውን ሁሉ ጥያቄ ሳይሳሳቱ ቢመልሱ እንኳ ውጤታቸው 12 ሆኖ ‹‹መጠነኛ ችግር አለባቸው›› ከሚለው ረድፍ ይገባሉ። ቅጹ ተጧሪው የሚመርጠው ቋንቋ ምን እንደሆነና አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለው። አስተርጓሚ አስፈልጎ ካልተገኘ ቃለ መጠይቁ አይደረግም፤ በምትኩ ሠራተኞቹ ያዩትን ይሞላሉ። ስለዚህ ያቺ አንዲት መስመር በትክክል መሞላቷን ማረጋገጥ የልጆች ሥራ ነው። የአቆጣጠሩንም ልዩነት ለነርሷ አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። የተሳሳተ ቁጥር የተሳሳተ ዕቅድ ያስከትላልና።

ከቅጽ ወደ መቶኛ

የጥራት መለኪያ የሚባለው ከዚህ ቅጽ የሚወጣ ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ ችግሩ የደረሰባቸው ተጧሪዎች ቁጥር ነው። ታህቱ ችግሩ ሊደርስባቸው ይችል የነበሩት ሁሉ ናቸው። ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ነገር በሁለቱም ቦታ ማን ይቆጠር፣ ማን ይቅር የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ተጧሪዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። ከሆስፒታል ወጥቶ ለማገገም የገባና እስከ 100 ቀን የቆየ ሰው የአጭር ጊዜ ይባላል። 101 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየው የረዥም ጊዜ ነው። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ለአንድ ወር የመጣን ሰውና ለአምስት ዓመት የተኛችን አሮጊት በአንድ ታህት ማስቀመጥ ሁለቱንም አያስረዳም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ችግር ወሰን ይበጅለታል። ክብደት መቀነስ ሲባል በአንድ ወር ከመቶ 5፣ ወይም በስድስት ወር ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ የወረደ ማለት ነው። 60 ኪሎ የነበረች እናት በወር ውስጥ 57 ከገባች ትቆጠራለች። ሐኪም ክብደት እንድትቀንስ አዝዞላት ከሆነ ግን አትቆጠርም። የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ነው። ቁስሉን ከሆስፒታል ይዞት የመጣ ሰው በቤቱ ጥፋት እንዳይቆጠር ቅጹ ‹‹ሲገባ ነበረበት ወይ?›› ብሎ ይጠይቃል።

የሁለት ቤቶች ሒሳብ

መቶኛን እንዳለ ማንበብ እንዴት እንደሚያሳስት በምሳሌ ማየት ይሻላል። ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፣ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ለ››። ሁለቱም 100፣ 100 ተጧሪ አላቸው። በቤት ‹‹ሀ›› 8 ሰዎች የአልጋ ቁስል አለባቸው፣ በቤት ‹‹ለ›› 6 ሰዎች። በመቶኛው 8 እና 6 ስለሆነ ‹‹ለ›› የተሻለ ነው ማለት ነው?

ውስጡ ሲታይ ሌላ ነው። ቤት ‹‹ሀ›› የሚቀበለው በአብዛኛው ከባድ ሕመምተኞችን ነው። ከመቶው 80ው በራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ ናቸው፤ ከእነዚህ 8ቱ ቆስለዋል፣ ማለትም 10 በመቶ። ቀሪዎቹ 20 ቀላል ሕመምተኞች ናቸው፤ አንድም የቆሰለ የለም። ቤት ‹‹ለ›› በተቃራኒው 20 ከባድና 80 ቀላል ሕመምተኞች አሉት። ከከባዶቹ 4 ቆስለዋል፣ ማለትም 20 በመቶ። ከቀላሎቹም 2 ቆስለዋል፣ ማለትም 2.5 በመቶ።

እንግዲህ ለከባድ ሕመምተኛም ለቀላሉም የሚሻለው ቤት ‹‹ሀ›› ነው። ሁለቱ ቤቶች 50 ከባድና 50 ቀላል ሕመምተኛ ቢኖራቸው ኖሮ የ‹‹ሀ›› ውጤት 5 በመቶ፣ የ‹‹ለ›› ደግሞ 11.25 በመቶ በሆነ ነበር። ጥሬው መቶኛ ግን ነገሩን ገልብጦ አሳይቷል። ለሕመም ክብደት ማስተካከል የሚባለው ይህ ነው። ካልተደረገ ከባድ ሕመምተኛ የሚቀበል ቤት ይቀጣል፣ መርጦ የሚቀበል ቤት ይሸለማል። ውሎ አድሮም በጣም የታመመውን ሰው የሚቀበል ቤት ይጠፋል። ጉዳቱ ከሒሳብ አልፎ ሰው ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ትንሽ ቤት፣ ትልቅ መቶኛ

ሌላው ወጥመድ የቁጥር ማነስ ነው። 25 ተጧሪ ባለው ቤት አንድ ሰው ወድቆ ቢሰበር 4 በመቶ ይሆናል። ሁለት ቢወድቁ 8 በመቶ። 200 ተጧሪ ባለው ቤት ግን አንድ ሰው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ትንሹ ቤት በአንድ እርጥብ ወለል ምክንያት ከአንደኛ ወደ መጨረሻ ሊወርድ ይችላል። በዚህም የተነሳ የመንግሥቱ ውጤት የአራት ሩብ ዓመታት አማካይ ሆኖ ይቀርባል፤ በጣም ጥቂት ተጧሪ ያላቸው ቤቶችም በአንዳንድ መለኪያ ውጤት አይወጣላቸውም።

ሦስተኛው ወጥመድ ደግሞ የፈለገ ያገኛል የሚለው ነው። በየቀኑ ልብስ ገልጣ ቆዳ የምታይ ነርስ ያለችበት ቤት ብዙ ቁስል ይመዘግባል። የማያይ ቤት መዝገቡ ንጹሕ ነው። ሕመም የተመለከተው መለኪያ የደረሰበት ዕጣም ትምህርት ይሰጣል። ‹‹ሕመም ይሰማኛል›› ያሉት ተጧሪዎች መቶኛ ለብዙ ዓመታት የጥራት መለኪያ ሆኖ ሲወጣ ቆይቶ በ2019 ከኮከቡ ስሌት እንዲወጣ ተደረገ። ቤቶች ቁጥሩን ለማሳመር ሲሉ ሱስ የሚያስይዙ የሕመም ማስታገሻዎችን ያበዛሉ የሚል ሥጋት ነበር ምክንያቱ።

ቅጹን የሚሞላው ማነው?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ቅጹን የሚሞላው ራሱ የሚመዘነው ቤት ነው። በዚያ ላይ ቅጹ ሁለት ጌቶችን ያገለግላል። አንደኛው ጥራት ሲሆን ሁለተኛው ክፍያ ነው። ከ1998 ጀምሮ ሜዲኬር ለቤቶቹ በቀን የሚከፍለው የገንዘብ መጠን የሚወሰነው ከዚሁ ቅጽ በሚወጣ የሕመም ክብደት ነው። ከጥቅምት 2019 ወዲህ ስሌቱ ተለውጦ ከሕክምና ደቂቃዎች ይልቅ በተጧሪው ሁኔታ ላይ ያተኩራል፤ የሚመነጨው ግን አሁንም ከቅጹ ነው። ለክፍያ ሲባል ሰውየውን አብዝቶ የታመመ ማስመሰል ይጠቅማል። ለኮከብ ሲባል ደግሞ ሰውየው ምንም እንዳልደረሰበት ማስመሰል ይጠቅማል። ሕጉ አውቆ ሐሰት የሚሞላ ሰው በእያንዳንዱ ቅጽ በገንዘብ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሆኖም ያልተጻፈን ነገር መያዝ ከተጻፈው ይከብዳል።

ይህ ሥጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2020 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ በፕራቺ ሳንጋቪ የተመራ ጥናት ከመጦሪያ ቤት ወድቀው በከባድ ጉዳት ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ከሜዲኬር የሒሳብ ሰነድ ለቅሞ አወጣ። የተገኙት 150,828 አወዳደቆች ነበሩ። ከዚያ የእነዚሁ ሰዎች ቅጽ ታየ። መውደቃቸው በቅጹ ላይ የተጻፈው የ57.5 በመቶው ብቻ ነበር። ከነጮች 59 በመቶው ሲጻፍ፣ ነጭ ካልሆኑት ግን የተጻፈው 46.4 በመቶው ነው። ሆስፒታሉ ገንዘብ ጠይቆበታል፣ መንግሥትም ከፍሎበታል፤ አጥንቱም ተሰብሯል። በመጦሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ ግን ሰውየው አልወደቀም። በዚህ ስሌት ‹‹በቤታችን የሚወድቅ የለም›› የሚል ቤት ወይ በጣም ጥሩ ነው፣ ወይ የማይጽፍ ነው። መቶኛው ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ሌላው ምሳሌ የአእምሮ መድኃኒት ነው። ለአእምሮ ሕመምተኞች የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ዝም ለማሰኘት ሲውሉ ኖረዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 መድኃኒቶቹ በእነዚህ ሰዎች ላይ የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። በ2011 መጨረሻ ከረዥም ጊዜ ተጧሪዎች 23.9 በመቶው ይወስዷቸው ነበር። በ2012 መንግሥት ይህን ለመቀነስ ዘመቻ ጀመረ፤ መቶኛውም ለሕዝብ ይፋ ይደረግ ጀመር። ከዓመት ዓመት ቁጥሩ ወረደ።

ይሁን እንጂ መለኪያው አንድ በር ክፍት ነበረው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው መድኃኒቱ በእርግጥ ስለሚያስፈልገው ከስሌቱ ይወጣል። ኒውዮርክ ታይምስ በመስከረም 2021 ባወጣው ምርመራ ከ2012 ወዲህ በዚህ በሽታ ስም የተመዘገቡት ተጧሪዎች ድርሻ በ70 በመቶ ማደጉን አሳየ። ከዘጠኝ ተጧሪ አንዱ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በጠቅላላው ሕዝብ ግን በሽታው ያለበት ከ150 ሰው አንዱ ገደማ ነው። በሽታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ40 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በ80 ዓመቷ ድንገት የተገኘባት አሮጊት ብዛት ሲጨምር ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱን ከማቆም ይልቅ የበሽታውን ስም መለወጥ ቀሎ ተገኝቷል።

ሁለተኛ ምስክር

ከእነዚህ ታሪኮች የተወሰደው ትምህርት ለማንኛውም ሒሳብ የሚሠራ ነው። ሻጩ የሚጽፈው ቁጥር ሻጩ ሊለውጠው በማይችለው ሌላ ሰነድ መመሳከር አለበት።

የሠራተኛ ቁጥር ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀድሞ ቤቶቹ ስንት ነርስ እንዳላቸው የሚናገሩት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነበር። ከ2016 ጀምሮ የደመወዝ መዝገባቸውን በየሩብ ዓመቱ እንዲልኩ ተደረገ። ደመወዝ የተከፈለበት ሰዓት ለግብርም ለኦዲትም የሚታይ ስለሆነ መፍጠሩ አይቀልም። በሐምሌ 2018 ወደ 1,400 የሚጠጉ ቤቶች የሠራተኛ ኮከባቸው ወደ አንድ ወረደ። ባለሙያ ነርስ ያልነበረባቸው ቀናት በርካታ ሆነው ተገኝተዋል፤ ወይም ለመኖራቸው ማስረጃ አልቀረበም።

የስኪዞፍሬኒያውንም ጉዳይ የሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል በጥር 2023 በኦዲት መከታተል እንደሚጀምር አስታወቀ። የበሽታው ስም በሕክምና ማስረጃ ያልተደገፈበት ቤት የጥራት ኮከቡ ለስድስት ወር ወደ አንድ ይወርዳል። በ2025 ደግሞ የመድኃኒቱ መለኪያ ከቅጹ ብቻ ሳይሆን ከሒሳብ መጠየቂያ ሰነዶችም ጭምር እንዲሰላ እንደሚደረግ ማዕከሉ ገልጿል። መድኃኒት ቤቱ የሸጠው ክኒን በቅጹ ላይ ባይጻፍም በሒሳቡ ላይ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲባል ቅጹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሦስት ተጧሪ ከአንድ የሚበልጠው በአልጋ ወይም በወንበር ይታሰር ነበር። ሕጉ ሲከለክል፣ ቅጹ ሲጠይቅና ውጤቱ ሲታተም ልማዱ እየጠፋ ሄዶ ዛሬ ከመቶው አንድ አይሞላም። መለካቱ ያመጣው ለውጥ በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ገመድ ደግሞ በዓይን ስለሚታይ ጎብኚውም ተቆጣጣሪውም ይመሰክርበታል። ቅጹ በደንብ የሠራው ሌላ ዓይን በነበረበት ቦታ ነው።

ኮከቡ እንዴት ይሰላል?

ኬር ኮምፔር በተባለው የመንግሥት ገጽ ላይ የሚወጣው ጠቅላላ ኮከብ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። መነሻው የተቆጣጣሪዎች የምርመራ ውጤት ነው። በእያንዳንዱ ስቴት ከመቶው 10ሩ ምርጥ ቤቶች አምስት ኮከብ፣ የመጨረሻዎቹ 20ው አንድ ኮከብ ያገኛሉ፤ የተቀሩት 70ው በሁለት፣ በሦስትና በአራት እኩል ይከፋፈላሉ። በዚህ ላይ የሠራተኛው ውጤት አምስት ኮከብ ከሆነ አንድ ይጨመራል፣ አንድ ኮከብ ከሆነ አንድ ይቀነሳል። የጥራት መለኪያዎቹም እንዲሁ አንድ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ መነሻው በየስቴቱ ደረጃ ስለሚሰጥ የሜሪላንድን አራት ኮከብ ከቴክሳስ አራት ኮከብ ጋር ማወዳደር ትክክል አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት አራት ኮከብ በተለያየ መንገድ ሊገኝ ይችላል። አንዱ ቤት በምርመራ አራት አግኝቶ ሌላው ምንም ሳይጨምርለት ይቆያል። ሌላው በምርመራ ሦስት ብቻ አግኝቶ ራሱ በሞላው ቅጽ አንድ ይጨመርለታል። ድምሩ አንድ ነው፤ የሚታመኑት ግን እኩል አይደለም።

ገዢው ምን ያድርግ?

ወላጁን ለማስገባት ቤት የሚፈልግ ሰው ከጠቅላላው ኮከብ ወደ ሦስቱ ክፍሎች ይውረድ። መጀመሪያ የምርመራውን ውጤት፣ ቀጥሎ ከደመወዝ መዝገብ የተገኘውን የነርስ ሰዓት ይመልከት። በተለይ የቅዳሜና እሑዱን የነርስ ሰዓትና በዓመት ውስጥ ሥራ የለቀቁትን ሠራተኞች መቶኛ ይይ፤ ሁለቱም በገጹ ላይ ይወጣሉ። የጥራት መለኪያዎቹን በሦስተኛ ደረጃ ያንብብ። ምርመራው ዝቅ ብሎ፣ ሠራተኛው አንሶ፣ የጥራት መለኪያው ብቻ አምስት ኮከብ ከሆነ ማን እንደሞላው ማስታወስ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ለቤቱ ኃላፊ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ሩብ ዓመት ወድቀው ሆስፒታል የገቡ ስንት ናቸው? ከከባድ ሕመምተኞቻችሁ የቆሰሉት ስንት ናቸው፣ ቁስሉስ የጀመረው የት ነው? ስኪዞፍሬኒያ አለባቸው ከተባሉት ውስጥ እዚህ ከገቡ በኋላ የተገኘባቸው ስንት ናቸው? አማርኛ ለሚናገር ተጧሪ ቃለ መጠይቁን በማን በኩል ታደርጋላችሁ? ቁጥሩን የሚያውቅ ኃላፊ ይመልሳል። ወላጁ ከገባ በኋላም ተጧሪው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ የተሞላውን ቅጽ የማየትና በእንክብካቤ ዕቅዱ ስብሰባ ላይ የመገኘት መብት አላቸው።

በረዳት ነርስነት ለሚሠሩትም ወገኖች ነገሩ ይመለከታቸዋል። በፈረቃው መጨረሻ በችኮላ የምትሞላው ትንሽ ሳጥን፣ አዛውንቱ ራሳቸው በሉ ወይስ ተጎረሱ፣ ብድግ አሉ ወይስ ተደገፉ የምትለው፣ ተደምራ የቤቱን ክፍያ፣ የቤቱን ኮከብና የሰውየውን የነገ ዕቅድ ትወስናለች። ያዩትን መጻፍ፣ ያላዩትን አለመጻፍ የሚለው የሙያ ሕግ በዚህ ቅጽ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

በመጨረሻ፣ ገጹን አንብቦ የጨረሰ ሰው ቤቱን በምሳ ሰዓት፣ ከተቻለም እሑድ ቀን ቢጎበኝ ይመከራል። ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ተመልሶ ይነሳል ወይ? የደወል ጥሪ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ክብደት መቀነስና መውደቅ በቅጹ ላይ ከመጻፋቸው ከሳምንታት በፊት የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ነው።